አዲስ መኪና ጠዋት ጠዋት መብራት ሁሉ ቢያበራ መጀመሪያ ባትሪውን ነው የምታዪው

እህቴ ጥያቄሽ ደርሶኛል፣ ረዘም ስለሚል ሌላውም አንባቢ እንዲገባው ባጭሩ ላስቀምጠው። አዲስ መካከለኛ ኤስዩቪ ከገዛሽ ሁለት ወር ገደማ ሆኖሻል፣ ቤንዚን፣ ቱርቦ ያለው፣ አውቶማቲክ። አንዳንድ ቀን ጠዋት ስታስነሺው የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው)፣ የመሪ፣ የካሜራ መብራት አንድ ላይ ቦግ ይላል፣ ስክሪኑ ጥቁር ይሆንና ቆይቶ ይመለሳል፣ ትንሽ ስትነጂው ደሞ ሁሉም ይጠፋል። ትራፊክ መብራት ላይ ሞተሩን የሚያጠፋው ስታርት ስቶፕ መጀመሪያ ይሰራ ነበር አሁን ጭራሽ ትቶታል፣ አንድ ቀን ደሞ አልነሳ ብሎ በካቦ ነው የተነሳው። የገዛሽበት ጋራዥ ደጋግመሽ ወስደሽው "ኮምፒውተሩ ምንም አያሳይም፣ ኖርማል ነው" ብለው መለሱሽ። በዛ ላይ ወደ 100 ኪሎሜትር በሰዓት ሲጠጋ ይንቀጠቀጣል፣ በዝግታ ስትሄጂ ማርሹ ይነጥራል። መጨረሻ ላይ ደሞ እግረ መንገድሽን ዳሽካም (መንገዱን የሚቀርጽ ካሜራ) እንዳስገጠምሽ ጻፍሽልኝ።

መጀመሪያ ይሄን ልበልሽ፣ ኖርማል አይደለም። ያን ያህል ገንዘብ የወጣበት መኪና ጠዋት ጠዋት እንዲህ ማድረግ የለበትም፣ አንቺም አጉል ተጠራጣሪ አይደለሽም። ግን ደሞ አትደንግጪ፣ ኤቢኤሱም መሪውም ካሜራውም በአንድ ሌሊት አይበላሹም። የማይገናኙ ነገሮች አንድ ላይ ሲጮሁ እኛ የምንፈልገው ሁሉም የሚጋሩትን ነገር ነው፣ እነዚህ የሚጋሩት ደሞ ከባትሪ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ነው። ችግሩ ጠዋት መሆኑ፣ ሲነዳ መጥፋቱ፣ ስታርት ስቶፑ ከሁሉም ቀድሞ ማቆሙ፣ ሶስቱን ሳያቸው ሀሳቤ በቀጥታ የሄደው ወደ ደከመ ባትሪ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ሲዞር ከባትሪው በጣም ብዙ አምፕ በአንዴ ይስባል፣ በዛች ሰከንድ ቮልቴጁ ይወርዳል። ጤነኛ ባትሪ ከሆነ 10 ቮልት አካባቢ ወይም ከዛ በላይ ይቆማል፣ ከደከመ ግን 9 ከዛም በታች ሊገባ ይችላል፣ ያኔ መኪናው ውስጥ ካሉት ብዙ ትንንሽ ኮምፒውተሮች አንዳንዱ ጠፍቶ እንደገና ይነሳል፣ ሌላው ደሞ "ከእከሌ ጋር ግንኙነት አጣሁ" ብሎ በዩ ፊደል የሚጀምር ኮድ ይመዘግባል። ስክሪንሽ የሚጠቁረው በዚህ ነው። ሞተሩ ተነስቶ ዲናሞው (ባትሪውን የሚሞላው) መስጠት ሲጀምር ቮልቴጁ ይስተካከላል፣ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ጋራዥ ስትደርሺ ምንም የለም። ስታርት ስቶፑን በተመለከተ አብዛኞቹ አዲስ መኪኖች የባትሪው ነጋቲቭ ላይ የባትሪውን ሁኔታ የሚከታተል ትንሽ ሴንሰር አላቸው፣ ባትሪው ሞተሩን መልሶ ማስነሳቱን ሲጠራጠር ሞተሩን አላጠፋም ይላል። ብዙ ሰው ይሄ ነገር ሲቀር ደስ ይለዋል፣ እኔ ግን መኪናው አስቀድሞ እየነገረሽ የነበረው በሱ ነው የምለው።

አዲስ መኪና ላይ እንዴት ባትሪ ይደክማል ትይ ይሆናል። መኪናው ለአንቺ አዲስ ነው እንጂ ባትሪው ፋብሪካ ከወጣ ቆይቷል፣ መርከብ ላይ፣ ወደብ ላይ፣ ከዛ ሻጩ ግቢ ውስጥ ለወራት ሊቆም ይችላል። ባትሪ በጎደለ ቻርጅ ረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ውስጡ ያለው የእርሳስ ሰልፌት ይጠነክራል፣ ያን ያህሉን አቅም ከዛ በኋላ ሙሉ በሙሉ አታገኚውም። ብዙ አዲስ መኪና ደሞ ሲጓጓዝ ብዙ ነገር እንዲያጠፋ ትራንስፖርት ሞድ የሚባል ነገር አለው፣ ሲያስረክቡሽ ይሄ በስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር በሚያነበው መሳሪያ) መነሳት አለበት፣ አንዳንዴ ይረሳል፣ ስለዚህ እሱንም ጠይቂያቸው። ከዛ ደሞ አጭር አጭር መንገድ ብቻ የምትነጂ ከሆነ ለማስነሳት የወጣው ሳይመለስ መልሰሽ ታጠፊዋለሽ።

አሁን ዳሽካሙ። እግረ መንገድሽን የጻፍሽው ነገር ለኔ ዋናው ነው። መኪናው ቆሞም የሚቀርጸው ፓርኪንግ ሞድ ከተከፈተ እንደየአይነቱ ብዙ ጊዜ ከ200 እስከ 400 ሚሊአምፕ ይወስዳል። 300 እንበል፣ በ24 ሰዓት 7.2 አምፕ ሰዓት (የባትሪ አቅም የሚለካበት) ማለት ነው፣ ባትሪሽ 70 አምፕ ሰዓት ሙሉ ቢሆን እንኳን በአምስት ቀን ግማሹን ይበላዋል፣ ያንቺ ደሞ ሙሉ ሆኖ የጀመረ አይመስለኝም። ስለዚህ ዛሬውኑ ንቀይው። ስክሪኑን ማጥፋት ሳይሆን ገመዱን ከፊውዝ ሳጥኑ ማላቀቅ ነው የምልሽ፣ አንቺ ካልቻልሽ የገጠመልሽ ሰው ያድርገው። ጂፒኤስ ወይ አላርምም ተጨምሮ ከሆነ እሱም እንደዛው። ቢያንስ አንድ ሳምንት ያለሱ ንጂው። ይሄ ሁለት ጥቅም አለው፣ አንደኛ ጥፋቱ የሱ ከሆነ ይታወቃል፣ ሁለተኛ ደሞ ጋራዡ "ከውጭ የገባ እቃ ስላለ አይመለከተንም" የሚልበትን ምክንያት ታሳጪዋለሽ። ዳሽካሙ እንዳልሆነ ከታወቀ መልሰሽ ትገጥሚዋለሽ፣ ግን ባትሪ ሲወርድ ራሱን የሚያጠፋበትን ቮልቴጅ 11.8 ላይ አትተዪው፣ እዛ እስኪደርስ ባትሪው አልቋል፣ 12.4 ላይ አድርጊው።

ከዛ መለካት ነው። ርካሽ መልቲሜትር ይበቃል። መኪናው ሌሊቱን ተቆልፎ ካደረ በኋላ ጠዋት ከማስነሳትሽ በፊት ኮፈኑን ከፍተሽ ሁለቱን የባትሪ ጫፍ ለኪ (አንዳንድ መኪና ባትሪው ኋላ ነው፣ ያኔም ብዙ ጊዜ ኮፈኑ ስር ፖዘቲቭና የማሳ (ከነጋቲቭ ጋር የተገናኘ የመኪናው ብረት) ነጥብ ይተውልሻል)። 12.6 ቮልት እና ከዛ በላይ ከሆነ ሙሉ ነው፣ 12.4 ሶስት አራተኛ ገደማ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ከሆነ አንድ አራተኛ ብቻ ነው የቀረው። ኤጂኤም (AGM፣ ብዙ ጊዜ ስታርት ስቶፕ ያለው መኪና ላይ የሚገጠም አይነት) የተጻፈበት ባትሪ ከሆነ ሙሉ ሲሆን ትንሽ ከፍ ይላል። ከዛ ሌላ ሰው ያስነሳልሽና ሞተሪኖው ሲዞር የሚወርድበትን ዝቅተኛውን ቁጥር እዪ፣ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው አልቻለም ማለት ነው። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ከ13.5 እስከ 14.7 መሃል ከሰጠ ዲናሞው ደህና ነው። የዛሬ ዲናሞ በኮምፒውተር ስለሚታዘዝ አልፎ አልፎ ወደ 12.8 ሲወርድ ብታዪው ተበላሸ እንዳትዪ፣ መብራትና ፋኑን ከፍተሽ እንደገና እዪው።

ቁጥሩ ዝቅ ካለ በቻርጀር ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ አስደርጊው፣ ሰፈር ዞሮ በመምጣት ባትሪ አይሞላም። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፣ የቻርጀሩን ነጋቲቭ በቀጥታ የባትሪው ጫፍ ላይ ሳይሆን የመኪናው ማሳ ላይ ነው የምትይዢው፣ ምክንያቱም ያ ቅድም ያልኩሽ ሴንሰር የሚቆጥረው በሱ ያለፈውን ነው፣ ባትሪው ጫፍ ላይ ከያዝሽው ባትሪው ሞልቶ እንኳን ኮምፒውተሩ አልሞላም ብሎ ያስባል፣ ስታርት ስቶፑም ሳይሰራ ይቀራል። በካቦ ስታስነሺም እንደዛው። ከ24 ቮልት የጭነት መኪና ደሞ በፍጹም እንዳትወስጂ።

ባትሪው በደንብ ሞልቶ፣ ዳሽካሙ ተነቅሎ፣ ከሁለት ሶስት ቀን በኋላ ጠዋት ቁጥሩ ተመልሶ ከወረደ ወይ ባትሪው ራሱ አልይዝ ብሏል ወይ ሌሊት የሚስብ ነገር አለ። ባትሪውን በሎድ ቴስተር (ጭነት ሰጥቶ አቅሙን በሚፈትን መሳሪያ) ይፈትሹት። የሚስብ ነገር ፍለጋው ግን ትዕግስት ይፈልጋል፣ ብዙ ጋራዥ የሚሳሳተውም እዚህ ነው። መኪናው ከተቆለፈ በኋላ ኮምፒውተሮቹ ወዲያው አይተኙም፣ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዱ ከዛም በላይ ይወስዳል። ቆልፎ ወዲያው የሚለካ ሰው ትልቅ ቁጥር ያይና ያልተበላሸ ነገር ይፈታል። ኮፈኑ ክፍት ሆኖ የኮፈኑን መቆለፊያ በጠመንጃ መፍቻ (ስክሩድራይቨር) ገፍቶ የተዘጋ ማስመሰል፣ ቁልፉን ከመኪናው ማራቅ፣ ነጋቲቭ ገመዱ ላይ ክላምፕ ሜትር (ገመዱ ሳይፈታ አቅፎ የሚለካ) አድርጎ መጠበቅ ነው። ከተኛ በኋላ ከ50 ሚሊአምፕ በታች መሆን አለበት። 500 ቢሆን በቀን 12 አምፕ ሰዓት ነው፣ ሶስት ቀን ብታቆሚው ግማሽ ባትሪ ሄደ። በልጦ ከተገኘ ደሞ ፊውዝ እየነቀሉ መፈለግ የድሮ መኪና አሰራር ነው፣ ፊውዝ ሲነቀልና ሲመለስ የተኛው ኮምፒውተር ይነቃና ልኬቱ ይበላሻል። ፊውዙ እንደተሰካ ጀርባው ላይ ባሉት ሁለት ነጥቦች በሚሊቮልት መለካት ነው፣ ዜሮ ካልሆነ በዛ መስመር ኤሌክትሪክ እያለፈ ነው። ይሄን ስራ አንቺ እንድትሰሪው አይደለም የጻፍኩት፣ ዋራንቲ ላይ ያለ መኪና ነው እነሱ ናቸው መስራት ያለባቸው፣ ግን እንዴት እንደሚሰራ ካወቅሽ "አንድ ሌሊት ይደርና እንደተኛ ለኩልኝ" ብለሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ቁልፉን ደሞ ቤትም ቢሆን ከመኪናው አጠገብ አታስቀምጪ፣ አንዳንድ ኪለስ (ቁልፍ ሳይሰካ በአዝራር የሚነሳ) መኪና ቁልፉ ቅርብ ከሆነ እየነቃ ያድራል።

ጋራዥ ስትሄጂ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። መብራቱ ሲበራ በስልክሽ ቅረጪ፣ የተነዳው ኪሎሜትርና ሰዓቱ እንዲታይ አድርገሽ። ባትሪ ነቅለሽ አትመልሺ፣ ሰፈር ያለ ልጅ በስካነር ኮድ እንዲያጠፋልሽም አትፍቀጂ፣ ኮዱ ከጠፋ ማስረጃሽ ጠፋ። "ምንም አያሳይም" ሲሉሽ ምን አይተው እንደሆነ ጠይቂ፣ ቼክ ኢንጂን ብቻ የሚያነብ ተራ ስካነር የኤቢኤሱንና የመሪውን ኮምፒውተር አይገባም፣ የሁሉንም ሞጁል ኮድ የድሮውንም ጨምሮ አውጥተው ያትሙልሽ። በሻንሲ ቁጥርሽ የወጣ የሶፍትዌር አፕዴት ወይ ቴክኒካል ቡለቲን (ፋብሪካው ስለታወቀ ችግር ለጋራዦች የሚልከው ማስታወሻ) ካለ ይፈልጉ፣ አንዳንዴ ስክሪኑ አልተኛ ብሎ ባትሪ የሚጨርሰው በሶፍትዌር ነው፣ በአፕዴት ያልቃል። ዋናው ነገር በሄድሽ ቁጥር የስራ ወረቀት ይከፈት፣ ችግሩ አንቺ ባልሽው መንገድ ይጻፍ፣ ምንም አላገኘንም ቢሉም ይሄው ተጽፎ ኮፒ ይሰጥሽ። በቃል የተነገረ ነገር ዋራንቲ ላይ አይቆጠርም፣ ተመሳሳይ ችግር ደጋግሞ የተጻፈበት ወረቀት ግን የሚያመልጡት አይደለም።

ንዝረቱ ቀለል ይላል። መጀመሪያ የጎማውን ንፋስ ሳይሞቅ ለኪው፣ መጠኑ የሹፌሩ በር ሲከፈት ፍሬሙ ላይ ተለጥፏል፣ ለዚህ አይነት መኪና ብዙ ጊዜ ከ33 እስከ 36 ፒኤስአይ ነው። አዲስ መኪና ለጉዞ ከመጠን በላይ ተነፍቶ ስለሚመጣ ሲያስረክቡ ማስተካከል የሚረሱ አሉ፣ ብዙ ከቆመም ጎማው የቆመበት ቦታ ይጠፈጠፋል፣ ቀላሉ ትንሽ ሲነዳ ይለቃል ካልለቀቀ ግን ጎማው ይቀየራል። የሚንቀጠቀጠው መሪው ከሆነ ብዙ ጊዜ የፊት ጎማ ነው፣ ወንበሩ ከሆነ የኋላ። ፍሬን ስትይዥ ብቻ ከሆነ ዲስኩን ይዩት። ባላንስ ያሰሩሽና ካልጠፋ የፊቱን ወደኋላ ያዙሩት፣ ንዝረቱ አብሮ ከዞረ ጎማው ወይ ቸርኬው ነው። ጎማ ከተፈታ በኋላ ዳዶዎቹ በቶርክ ቁልፍ (የሚጠብቅበትን ልክ በሚለካ) ይጠበቁ፣ 100 ኪሎሜትር ገደማ ከነዳሽ በኋላ ደግመው ይዩልሽ።

ማርሹን ለጊዜው ተዪው። አዲስ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) አነዳድሽን እየለመደ ራሱን ያስተካክላል፣ ቮልቴጅ ሲዋዥቅ ደሞ እሱም ይረበሻል፣ ስለዚህ ባትሪው ሳይስተካከል ካምቢዮ አታስነኪ። ባትሪው ከተስተካከለ በኋላም መነጠሩ ካልቀነሰ፣ ወይ ማርሽ ከያዘ በኋላ ሳትጠብቂ ግው የሚያደርግ ከሆነ ወረቀቱ ላይ ለብቻው አስጽፊው።

ጠዋት ሳይነሳ፣ ሞተሪኖው ሲዞር፣ ከተነሳ በኋላ፣ ሶስቱን ቁጥርና ባትሪው ላይ የተጻፈውን አይነት ላኪልኝ፣ ዳሽካሙ ተነቅሎ ስንት ቀን እንደሆነውም ጨምሪበት።