«ድምፅሽን ቀንሺ፣ ሰው አለ»

ልጆቼ፣ ሰሞኑን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚኒባስ ስመጣ አጠገቤ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ተቀምጣ ነበር። ከጨዋታችን የትምህርት ቤት ጋይዳንስ (የተማሪዎች አማካሪ) እንደነበርኩ ስትሰማ፣ «ቲቸር፣ እናት ልጇን ካላመነች ትወዳታለች ይባላል?» አለችኝ። እናቷ በየማታው ስልኳን ትፈትሻለች። ከደሴ በፊት ያለውን የሐረጎን ዳገት እየወጣን ነበር። መልስ አጣሁ።

ያስታወሰችኝ የራሴን ልጅ ነው። ሰኔ ነበር፣ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኗል። ቤቴ በጎረቤት ሞልቶ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ልጄ ያኔ 15 ዓመቷ ነው። ዩኒፎርሟ በስብሶ ገባችና በሩ ላይ እንደቆመች ድምፅ አውጥታ ማልቀስ ጀመረች። ደንግጬ ተነሳሁ፤ ግን መጀመሪያ ዞሬ ያየሁት እንግዶቹን ነው። «ድምፅሽን ቀንሺ፣ ሰው አለ» አልኳት። ቀነሰች። ጓዳ ገባች። እኔም «ጥርሷን አሟት ነው» ብዬ በረካውን ቀዳሁ። ማታ ስጠይቃት «ምንም አልሆንኩም» አለች። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ድምፅ አውጥታ አላለቀሰችም፤ ሳቋም አብሮ ቀነሰ። እኔ ደግሞ ጨዋ ልጅ አሳደግኩ ብዬ ኮራሁ! በነጋታው ቢሮዬ ቁጭ ብዬ የሰውን ልጅ «አብሽሪ፣ ንገሪኝ» እያልኩ ነበር።

እናቴ ሰኞ ገበያ በርበሬ ቸርቻሪ ነበረች። ስድስት ልጅ ያሳደገችው በዱቤ ነው፣ ዱቤ የሚሰጧት ደግሞ በስሟ ነው። ስሟ ከተበላሸ ባዶ እጇን ነው የምትመለሰው። ስለዚህ «ሰው ምን ይላል» ለእሷ እንጀራ ነበር። እኔ ግን ደሞዝተኛ ነበርኩ፣ ዱቤ አያስፈልገኝም ነበር። ፍርሃቱን ብቻ ወረስኩ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አነባለሁ። ሻሎም ሽዋርትዝ የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ ሰዎች የሚመሩባቸውን እሴቶች 10 ቦታ ከፍሎ በክብ ያስቀምጣቸዋል፤ ደኅንነት፣ ወግና ከሰው መስማማት በአንድ ወገን፣ በራስ አስቦ መወሰን ከእነሱ ፊት ለፊት። የት እንደቆምኩ ለማየት መነጽር አላስፈለገኝም። የበለጠ ያመመኝ ሀካን ስታቲንና ማርጋሬት ኬር እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ነው፤ ስዊድን ውስጥ የ14 ዓመት ልጆችንና ወላጆቻቸውን ጠይቀው፣ ወላጅ ስለ ልጁ የሚያውቀው በአብዛኛው ተቆጣጥሮ ሳይሆን ልጁ ወዶ ሲነግረው መሆኑን አገኙ። ይቺን ሳነብ ያ የቡና ቀን ፊቴ ድቅን አለ።

እናንተም ንጹሕ አይደላችሁም። ሁለቱንም ጆሮ በኢርፎን ደፍናችሁ «እናቴ አታወራኝም» ትላላችሁ። ስልክ መፈተሽ ስህተት ነው ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ያንን ቲክቶክ ሳየው ግን እኔም እፈትሽ ነበር መሰለኝ። እንጃ። ስለ ጥናትና ስለ ሱስ የሰለቻችሁን አልደግምም። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፦ እናታችሁ ስትቆጣ «ለምን?» አትበሏት፣ እሱ ጠብ ነው። ሌላ ቀን፣ ቡና ሲቀዳ፣ «እማ፣ በእኔ ዕድሜ እያለሽ እናትሽ ምን ትከለክልሽ ነበር?» በሏት። እኔን ማንም አልጠየቀኝም።

ልጄ ዛሬ 38 ዓመቷ ነው። አምና በስልክ «ያን ቀን ምን ሆነሽ ነበር?» አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ «አላስታውስም እማ» አለች፣ በዚያችው ቀስ ባለች ድምፅዋ።

ለዚያች የሚኒባስ ልጅ ይህን ሁሉ ልነግራት አፌን ስከፍት ስልኳ ጠራ። ወደ መስኮቱ ዞር አለችና «እሺ እማ፣ ፒያሳ ደርሻለሁ» አለች፣ ዝቅ አድርጋ። ሐረጎን ገና አልጨረስንም ነበር።