ስሜን ለተግባር ልምምድ ለምትወጪው እህቴ

«በሚቀጥለው ወር ከዩኒቨርሲቲያችን ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለ30 ቀን የተግባር ልምምድ እንወጣለን፤ ምን ላዘጋጅ?» ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁት። እኔም በ2010 ዓ.ም. እዚያው ወጥቻለሁ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች ጋር ተመዝግቦ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ገና ከዚያ መዝገብ መሰረዙ ነበር። ሁሉም ሰው ስለ ፓርኩ የሚያወራበት ጊዜ ነበር። እኛ ግን 11 ቀን ሙሉ በሩን አላየነውም።

1ኛ፦ ደብዳቤ። ሌላው ነገር ቢጓደል እዚያው ይሞላል፤ ይሄ ግን አይሞላም። ዲፓርትመንታችን የሰጠን የትብብር ደብዳቤ «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፤ ደስ ብሎን ተሳፈርን። ጉዳያችንን የሚያይልን ቢሮ ስንደርስ (ስሙን አልጠራም) ጸሐፊዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየን «ይሄ ለእኛ አልተጻፈም» አለችን። በማግስቱ ስንሄድ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በሦስተኛው ቀን መስክ ወጥተዋል። አንዱ ሠራተኛማ ሰው በተሰበሰበበት «እናንተ ለሽርሽር ነው የመጣችሁት» ብሎ ጮኸብን። አራት ዓመት የተማርን ልጆች ነን! አዲስ ደብዳቤ ተጽፎ በሰው እጅ እስኪደርሰን ደባርቅ ተቀመጥን፤ የአልጋውንም የምግቡንም ከኪሳችን ከፈልን። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስለዚህ የሚጻፍለት መሥሪያ ቤት ስም በትክክል ይግባ። የሁላችሁም ሙሉ ስም፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደምትቆዩ፣ ምን እንደምትሠሩ ይዘርዘር። ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ግልባጭ ይደረግ። ከመሳፈራችሁ በፊት ስልክ ደውላችሁ መድረሱን አረጋግጡ።

2ኛ፦ ብርድ። ጨነቅ ካምፕ 3,600 ሜትር ገደማ ነው። ወፍራም ካልሲና ጓንት ያዢ፤ ሌላውን ስካውቶቹ (አብረው የሚወጡት የፓርኩ ጠባቂዎች) ይነግሩሻል።

3ኛ፦ ስካውቶቹን አትለዪ። ትምህርቱ ያለው እነሱ ጋ ነው። ዋልያ ቆጠራ የወጣን ቀን ጎህ ሲቀድ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀመጥን። ሌላው ቡድን በዚያው ሰዓት ማዶ ይቆጥራል፤ አንዱ መንጋ ሁለቴ እንዳይመዘገብ ነው። ወንድ፣ ሴት፣ ግልገል እየለየሽ ቅጹን ትሞያለሽ። እኔ በባይኖኩላር ሰባት አልኩ። አብረውኝ የነበሩት ስካውት በባዶ ዓይናቸው «ዘጠኝ ናቸው» አሉኝ። ሁለት ግልገሎች አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ሥር ተኝተው ኖሯል። ዋልያ ከስሜን ሌላ አገር የለውም፤ ሁለት ግልገል መሳት ትልቅ ስህተት ነው። ከዚያ በኋላ ሳልጣደፍ ደግሜ ማየት ለመድኩ።

4ኛ ብዬ የምጽፈው ስለ ግጦሽ ነበር፤ ግን የሆነውን ልንገርሽ። ከአርሶ አደሮች ጋር ስንወያይ ከክላስ የያዝኩትን ሁሉ ዘረገፍኩ። ከብት ሣሩን ይጨርሳል፣ ዋልያው ወደ ገደል ይገፋል፣ የእረኛ ውሻ ለቀይ ቀበሮ በሽታ ያመጣል አልኩ። ውሸት የለውም። አንድ አባት ጨርሼ እስክቀመጥ ጠበቁኝና «ልጄ፣ ሣሩ ለዋልያ እንደሚያስፈልግ እናውቃለን። በሬዬን የት ልውሰደው?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። በማግስቱ እሳቸው ጋ ሄጄ ከብቶቹ በየትኛው ወር በየት እንደሚያልፉ ጠየቅኳቸው። የቀሩንን ቀናት ከእረኞች ጋር እየዞርን ካርታ ሠራን። የፓርኩ ሰዎች ካርታውን ግድግዳቸው ላይ ሲለጥፉት የተሰማኝን ደስታ ተመርቄም አላገኘሁትም።

ያ 11 ቀን ቢኖረን በፓርኩ ውስጥ ያለውን የጊጭን አካባቢ ካርታም እንጨርስ ነበር። የደብዳቤሽን ረቂቅ ከመፈረሙ በፊት በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ በዚያው ዕለት አይቼ እመልስልሻለሁ።