ራም ከመግዛታችሁ በፊት ላፕቶፑን ፍቱት

ልጆች እንደምን ናችሁ። ሰሞኑን ሱቅ የሚመጣው ወጣት ሁሉ ጥያቄው አንድ ሆነብኝ፣ "ጋሼ ይሄን አሮጌ ላፕቶፕ ምን ልጨምርበት?" ምን ሆነ ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ምን ልጨምርበት ብቻ። እኔ ደግሞ ሰላሳ ምናምን አመት ስፈታና ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝ፣ የጀመርኩት እንደውም በኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪና ነው፣ እና ለያንዳንዱ ቆሜ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ ብዬ ነው።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ላውራ። ኮምፒውተር መጠገን የጀመርኩ ሰሞን አንዲት አስተማሪ ላፕቶፗን ይዛ መጣች፣ የማስተርስ ጽሁፏን እየጻፈችበት ነው፣ ስትከፍተው ደህና ነው ከሩብ ሰአት በኋላ ግን ይንቀራፈፋል። ከሩብ ሰአት በኋላ ማለቷን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፣ ልብ ግን አላልኩትም። ራም፣ ማለት ማሽኑ ሲሰራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ አንሶት ነው አልኳት፣ ሸጥኩላት፣ ገጠምኩላት፣ እዛው ስንከፍተው ፈጠን ስላለ አመስግና ከፍላ ሄደች። በሳምንቱ ተመልሳ መጥታ "ወንድሜ፣ ራሙማ ሰርቶ ይሆናል፣ እኔ ነኝ መስራት ያቃተኝ" አለችኝ። ያኔ ፈታሁት። በፋኑና በመዳቡ ክንፎች መሀል ያለው አቧራ እንደ ብርድ ልብስ ቁራጭ ተጋግሯል፣ በወረንጦ ይዤ ስስበው ሳይበጠስ አንድ ላይ ወጣ። ፕሮሰሰሩ፣ የማሽኑ አንጎል በሉት፣ አየር አጥቶ እየጋለ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ሲቀንስ ነበር፣ በቃ ሌላ ምንም የለም። ራሙን ተቀብዬ ብሯን መለስኩላት፣ የባከነባትን ሳምንት ግን ከየት አምጥቼ ልመልሰው።

ስለዚ ወደ እናንተ ልምጣ። አሮጌ ማሽን አድሳችሁ መማር ከፈለጋችሁ እኔ የምመክረው የሌኖቮን ላፕቶፕ ቲንክፓድ ቲ420ን ነው፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2011 የወጣ ጥቁር ደረቅ ነገር፣ መልኩ አያምርም ግን ለመፈታት የተሰራ ነው። ባትሪው በመቆለፊያ ከጀርባ ይወጣል፣ ፕሮሰሰሩ ራሱ ሶኬት ላይ ነው የተቀመጠው፣ ከስሩ ባሉት ብሎኖች አጠገብ ደግሞ የቱ ኪቦርዱን እንደሚይዝ በትንንሽ ስዕል ተቀርጿል፣ ሌኖቮም የጥገና ማኑዋሉን በነጻ አውጥቶታል፣ አውርዱትና አንብቡት። እና ሌላ፣ ከሱ ቀጥሎ የመጣው ቲ430 ኦሪጅናል ያልሆነ ባትሪ አልቻርጅም ይላል፣ ቲ420 ግን አያማርጥም። ለኛ ሀገር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ስትገዙ ሻጩ ስለ ስክሪኑ ሲያወራላችሁ እናንተ አብሩትና ኤፍ1 ተጫኑ። ባዮሱ፣ ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሰራው ፕሮግራም፣ ፓስወርድ ከጠየቀና ሻጩ "እሱ ምንም አይደለም ይጠፋል" ካለ ጥላችሁ ሂዱ። ቲንክፓድ ላይ ያ ፓስወርድ የሚቀመጠው ለብቻው ቺፕ ውስጥ ስለሆነ በማዘርቦርዱ፣ በዋናው ሰሌዳ፣ ላይ ያለችውን ትንሽ ባትሪ ነቅሎ በመመለስ አይጠፋም።

ስለዛች ትንሽ ባትሪ ካነሳን አይቀር የአምናውን ልንገራችሁ። አንድ ልጅ፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ይሄንኑ ቲ420 ይዞ መጣ፣ ዋይፋይ ይይዛል ግን ምንም ገጽ አይከፍትም፣ ሁሉም "ደህንነቱ አስተማማኝ አይደለም" ምናምን ይላል፣ ስለዚህ ዋይፋይ ካርዱን ልቀይረው ነው አለኝ። አብራው አልኩት። ገና ሲነሳ ጮኸና 0271 የሚል ቁጥር ጻፈ፣ ቀንና ሰአት አስተካክል ማለት ነው። "እሱማ ሁሌ ይላል፣ እኔም ሁሌ እሞላለታለሁ" አለኝ። ምን ብለህ ነው የምትሞላው ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ የኛን አቆጣጠር! ዓመቱን 2017፣ ሰአቱንም የኛን። ማሽኑ ታዲያ ፈረንጅ 2017 ላይ ነኝ ብሎ ያምናል፣ ድረ ገጾቹ እንደ መታወቂያ የሚያሳዩት ሰርተፊኬት ደግሞ ከጥቂት ወራት በፊት የተሰጠ ነው፣ ለሱ ገና ያልተወለደ ወረቀት ሆነበት፣ አልቀበልም አለ። ችግሩ ሲአር2032 የምትባል ሳንቲም የምታክል ባትሪ ማለቋ ነው፣ ለላፕቶፕ የምትሆነው ሁለት ቀጭን ሽቦ ያላት ናት፣ ራቁቷን ገዝታችሁ በሳልዳ ልለጥፍ እንዳትሉ፣ ትፈነዳለች። እና ልጁ ዋይፋይ ካርዱን ገዝቶት ቢሆንስ ኖሮ? ቲ420 ባዮሱ ላይ የተመዘገበ ካርድ ካልሆነ 1802 ብሎ ይቆማል፣ አይነሳም እንኳ። ብሩን ከስሮ ሌላ በሽታ ገዝቶ ነበር።

አሁን ጽዳቱ። እባካችሁ ጎሚስታ ቤት ወስዳችሁ በኮምፕሬሰር አታስነፉት፣ ያ አየር ውሀና ዘይት አለበት፣ ፋኑንም ከአቅሙ በላይ ያሽከረክረዋል። በብሩሽና በወረንጦ ነው፣ በእጅ በሚነፋ ነገር ከነፋችሁም የፋኑን ክንፍ በስቴኪኒ ያዙት እንዳይዞር። ከፕሮሰሰሩ ሙቀቱን ወደ መዳቡ የሚያሻግረውን ቅባት፣ የደረቀውን ቴርማል ፔስት፣ በአልኮልና በማይበጣጠስ ጨርቅ ጥረጉ፣ አዲሱን የሩዝ ፍሬ የምታክል አድርጉ፣ ብሎኖቹን በማዕዘን እያቀያየራችሁ ትንሽ ትንሽ አጥብቁ። የጥርስ ሳሙና ቀብቶ የመጣ አይቻለሁ፣ አልዋሽም፣ ለሁለት ቀን ሰርቶለታል። የፈታችሁትን ብሎን ደግሞ ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ስዕል ስላችሁ በየቦታው በፕላስተር ለጥፉት፣ ርዝመታቸው አንድ አይደለምና ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ካስገባችሁት ማዘርቦርዱን ይወጋዋል።

ጸድቶ፣ ሰአቱ ተስተካክሎ፣ ሁለት ቀን ሰርታችሁበት አሁንም ቀርፋፋ ከሆነ ነው እንግዲህ ብር የሚወጣው። ያም ለኤስኤስዲ ነው፣ የሚዞር ነገር የሌለው የፋይል ማስቀመጫ። የድሮው ሃርድ ዲስክ እኮ በሚዞር ሳህን ላይ መርፌ እያመላለሰ ነው የሚፈልገው፣ በሰከንድ መቶ ቦታ ገደማ ቢደርስ ነው፣ ኤስኤስዲው በአስር ሺዎች ይቆጠራል፣ እና እናንተ ቀርፋፋ ነው የምትሉት አብዛኛው ያ መመላለስ ነው። 240 ጊጋ ይበቃችኋል። 2 ቴራ በሚያስቅ ዋጋ ካሳዩዋችሁ ሳቁና እለፉ፣ ውስጡ ትንሽ ፍላሽ ሆኖ ቁጥሩን ብቻ የሚዋሽ ሞልቷል፣ የገዛችሁትንም እስከ አፉ ሞልታችሁ መልሶ ሲነበብ አይታችሁ ነው ማመን። ራም ከዛ በኋላ ነው፣ አይነቱ ዲዲአር3 የሚባለው ነው፣ 8 ጊጋ ካለው ተዉት፣ 4 ከሆነ ጨምሩ፣ አለቀ።

ዊንዶውስ 10 በፈረንጅ ኦክቶበር 14፣ 2025 ድጋፉ አብቅቷል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ይሄን ፕሮሰሰር በወግ አይቀበልም፣ ስለዚህ በዊንዶውስ ቦታ በነጻ የሚገኘውን ሊኑክስ ሚንት ጫኑበት፣ አማርኛም ይጻፍበታል። ግን ሳትጭኑ በፊት፣ ይሄን በደንብ ስሙኝ፣ የአባታችሁን የእናታችሁን ፋይሎች ክፈቱና እዩ። በድሮው የአማርኛ መጻፊያ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ፋይል ዩኒኮድ፣ ማለት ዛሬ ሁሉም ኮምፒውተር የሚያውቀው ፊደል፣ አይደለም፣ ፎንቱ ከሌለ ሲከፈት የማይነበብ የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ነው የሚሆነው። ፋይሉን ኮፒ አድርገናል ብሎ ዊንዶውሱን አጥፍቶ ፎንቱን የረሳ ሰው አጋጥሞኛል፣ የእድር መተዳደሪያ ደንብ ነበር፣ አንድም ፊደል አይነበብም። ፎንቱ እስኪገኝ ያለፈውን ሳምንት አትጠይቁኝ። ፎንቱንም ኮፒ አድርጉ፣ የግድ የሚያስፈልገውንም ገና ዊንዶውሱ እያለ ፒዲኤፍ አድርጉት።

ባትሪ ላይ ብዙ አልልም፣ ካበጠ ከላፕቶፑ አውጥታችሁ ተዉት፣ ላፕቶፑን በቻርጀር ብቻ ተጠቀሙበት። አዲስ ነው ተብላችሁ ከገዛችሁ ስትሰኩት፣ ከፋብሪካ ሲወጣ ስንት ይይዝ እንደነበረና አሁን ሙሉ ሲሆን ስንት እንደሚይዝ ኮምፒውተሩ ራሱ ይነግራችኋል፣ ሻጩ እያለ እዩት።

ዋጋ ያልጠራሁት ሆን ብዬ ነው፣ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብሩ ከተለቀቀ ጀምሮ ዛሬ የነገርኳችሁ ነገ ያሳፍረኛል። እኔ የማደርገው ግን ካቻቢቴ ከማንሳቴ በፊት ወረቀት ላይ መደመር ነው፣ ላፕቶፑ፣ ኤስኤስዲው፣ ባትሪው፣ ቻርጀሩ፣ ከዛ ድምሩን ስምንተኛ ጀነሬሽን የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ከሚሸጥበት ጋር አስተያያለሁ፣ ከተቀራረበ ለባለቤቱ ሽጠው እለዋለሁ። ስራ ያመልጠኛል፣ ያምልጠኝ። ቲ420 ምንም ቢታደስ ቲ420 ነው፣ ዩቲዩብ አሁን የሚልከውን ቪፒ9 የሚባለውን ቪዲዮ የሚፈታ ቺፕ የለውም፣ ሁሉንም ፕሮሰሰሩ ይሸከማል፣ ጥራቱን ከፍ ስታደርጉት ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮሀል። ለመጻፍ፣ ለኮዲንግ፣ ለኢንተርኔት ግን ይሄው እኔም ይሄን የምጽፍላችሁ በሱ ነው፣ የግራ ማጠፊያው ትንሽ ላልቷል፣ ኪቦርዱ ግን የድሮው ባለ ሰባት ረድፍ ነው፣ ኦሊቬቲ ላይ ለሰለጠነ ጣት እንዲህ አይነት ብዙም አልተሰራም ከዛ ወዲህ።

ኧረ ዋናውን ረስቼው። ምንም ነገር ከመፍታታችሁ በፊት ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ትልቁን ባትሪ አውጡ፣ ከዛ ማብሪያውን አስር ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙት ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ። አጥፍቼዋለሁ ብሎ ባትሪውን ሳያወጣ የስክሪን ገመድ የነቀለ ልጅ ሱቄ ውስጥ ነበረ፣ ፊውዟ ጠብ ስትል አልተሰማንም፣ ስክሪኑ ብቻ ጨለመ፣ እሷን ትንሽዬ ፊውዝ በማጉያ መነጽር ስንፈልግ መሸብን።