ፒራሚዱን ከማድነቃችሁ በፊት ቦዩን ፈልጉ

ውድ ልጆቼ፣

ስለ ጥንታዊ የወንዝ ዳር ሥልጣኔዎች ስትማሩ መጀመሪያ የሚያሳዩአችሁ ፒራሚድ ነው። ከዚያ የሀሙራቢ ሕግ፣ ከዚያ የሱመር ጽሕፈት፣ ከዚያ ፈተና። ፈተናው ሲያልፍ አብዛኛው አብሮ ያልፋል። ይህ ያሳዝነኛል። እነዚያ ሰዎች ለሥራ ዓለም ስንቅ የሚሆን ብዙ ነገር ትተውልናልና። እኔ ዕድሜዬን በመስኖ ምሕንድስና ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ታሪካቸውን ከሐውልቱ ሳይሆን ከቦዩ ጀምሬ ልንገራችሁ።

የደቡብ ኢራቅን ሜዳ አስቡት። ሱመሮች ከተሞቻቸውን የቆረቆሩት እዚያ ነው፤ በጤግሮስና በኤፍራጥስ አካባቢ። ዝናቡ በጣም ትንሽ ስለሆነ ሰማይን አምኖ ገብስ መዝራት አይቻልም። ወንዞቹ አሉ፤ ጊዜያቸው ግን አይመችም። ከሰሜን ተራሮች በረዶ ሲቀልጥ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይሞላሉ። ያኔ ገብሱ ለአጨዳ ደርሷል። ገበሬው ውሃ የሚፈልገው ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ ሲዘራ ነው። ያኔ ደግሞ ወንዙ ጎድሏል። ውሃው ሲፈለግ የለም፤ ሳይፈለግ ይመጣና ማሳ ያጥለቀልቃል።

መፍትሔው ቦይ መቆፈር፣ ክትር መሥራትና ውሃን በተራ ማዳረስ ነበር። ይህ በአንድ ቤተሰብ ጉልበት አይሆንም። አንዳንዶች ከዚህ ተነስተው "መንግሥትን የወለደው መስኖ ነው" ይላሉ። እኔ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይመስለኝም። ትናንሽ ቦዮችን መንደሮች ያለ ንጉሥ ማስተዳደር ይችላሉ። በአገራችንም የውሃ አባት መርጠው ተራ የሚያወጡ፣ ቦይ የሚጠርጉ፣ አጥፊን የሚቀጡ ገበሬዎች አሉ። ቦዩ ሲረዝም፣ ከተማው ሲሰፋ፣ ጎተራው ሲበዛ ግን ማስታወስ ብቻውን አይበቃም። ቆጣሪ ያስፈልጋል።

ኡሩክ በምትባል የሱመር ከተማ የሆነው ይህ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3200 ዓመት ገደማ ሰዎች በእርጥብ ሸክላ ላይ ምልክት መቅረጽ ጀመሩ። ምን ጻፉ? ጸሎት አይደለም፤ ግጥምም አይደለም። ከእነዚያ የመጀመሪያ ጽላቶች አብዛኞቹ ሂሳብ ናቸው። ይህን ያህል ገብስ ገባ፣ ይህን ያህል በግ ወጣ፣ ለሠራተኛ ይህን ያህል እህልና ጠላ ተሰጠ። ግጥሙና መዝሙሩ የመጣው ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። በ2300 ገደማ የንጉሥ ሳርጎን ልጅ ኤንሄዱአና በዑር ከተማ የጨረቃ አምላክ ሊቀ ካህናት ነበረች። በስሟ የሚታወቁ መዝሙሮች ዛሬም ይነበባሉ። በስም ከምናውቃቸው ደራስያን ሁሉ የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ለእሷ ብዕር መንገዱን የጠረገው ግን ስሙን የማናውቀው የጎተራ ጸሐፊ ነው። ሥራ ስትጀምሩ መዝገብ ያዙ፣ ቁጥር ሰብስቡ ብትባሉ ዝቅ ያለ ሥራ ተሰጠን ብላችሁ አትከፉ።

አሁን ስለ መንግሥትና ስለ ሃይማኖት አንድ ጉዳይ ላንሳ። ላጋሽና ኡማ የሚባሉ ሁለት ጎረቤት የሱመር ከተሞች ነበሩ። በመካከላቸው ባለ ለም መስክና በድንበሩ ቦይ ውሃ ምክንያት ለትውልዶች ተዋግተዋል። የላጋሽ ገዥዎች ጉዳዩን በድንጋይና በሸክላ ላይ ጽፈው አቆይተውልናል። መጀመሪያ ኪሽ የምትባል የሌላ ከተማ ንጉሥ መሲሊም በሽማግሌነት ገብቶ ድንበሩን ለካ፤ የድንበር ድንጋይም አቆመ። የኡማ ገዥ ድንጋዩን ነቅሎ ገባ። በ2450 ገደማ የላጋሹ ኤአናቱም መልሶ አሸነፈ፤ ድሉንም በድንጋይ ላይ አስቀረጸ። አሞሮች የወደቁ ወታደሮችን ራስ ይዘው ሲበሩ ይታያል። ስብርባሪው ዛሬ ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ ነው።

ከድሉ በኋላ የሆነው ይበልጥ ያስተምራል። የኡማ ሰዎች መስኩን እንዲያርሱ ተፈቀደላቸው፤ ግን የገብስ ዕዳ ተጣለባቸው። ዕዳው ወለድ ነበረው። ወለዱ እየተጠራቀመ ማንም ሊከፍለው የማይችል ቁልል ሆነ። ኡማ አልከፍልም አለች። የድንበሩን ቦይ ውሃም ጠልፋ ወሰደች። ጦርነቱ እንደገና ተነሳ። በመጨረሻ የኡማው ሉጋልዛጌሲ ላጋሽን ወርሮ ቤተ መቅደሶቿን አቃጠለ። ልብ በሉ፣ ይህን ታሪክ የምናውቀው በአብዛኛው ከላጋሽ አንደበት ነው። የኡማን ቅሬታ ብንሰማ ኖሮ ዕዳው ፍትሐዊ ነበር ወይ ብለን መጠየቃችን አይቀርም።

በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ መስኩ የንጉሡ አይደለም። ባለቤቱ የላጋሽ አምላክ ኒንጊርሱ ነው። ድንበሩን የወሰነው ደግሞ የአማልክት አባት ኤንሊል ነው። ወጣቶች ይህን ሲያነቡ "ተረት ነው" ብለው ሲያልፉት አያለሁ። አትለፉት። ያኔ ስለ መብት፣ ስለ ድንበርና ስለ ውል የሚነገረው በአማልክት ስም ነበር። ንጉሡም በአምላኩ ፊት ተጠያቂ ነኝ ይል ነበር። በ2350 ገደማ የገዛው የላጋሹ ኡሩካጊና ሹማምንት ሕዝቡን የሚበዘብዙበትን ክፍያ እንደቀነሰ አስጽፏል። ባለ ጉልበት መበለትንና የሙት ልጅን እንዳያጠቃም ከኒንጊርሱ ጋር ቃል ኪዳን ገባሁ ብሏል። ምን ያህሉን እንደፈጸመ ሌላ ጉዳይ ነው። ገዥ እንዲህ ያለ ቃል መግባት እንዳለበት ማሰቡ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ሙያዬ ልመለስ። የሱመር ገበሬ ትልቁ ጠላት ጎረቤት ከተማ ብቻ አልነበረም። ጨው ነበር። የወንዝ ውሃ ሁልጊዜ ትንሽ ጨው ይዞ ይመጣል። ማሳውን ደጋግማችሁ ስታጠጡና ትርፉ ውሃ መውጫ ሲያጣ ከሥር ያለው ውሃ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይነሳል። ወደ ገጹ ሲቃረብ አፈሩ ውሃውን የኩራዝ ክር ላምባ እንደሚስብ ወደ ላይ ይስበዋል። ፀሐይ ውሃውን ታተነዋለች፤ ጨው ይቀራል። ስንዴ ጨው አይችልም። ገብስ ይሻላል። በደቡብ ሜሶፖታሚያ፣ ማለትም በዚያው በደቡብ ኢራቅ ሜዳ፣ ከጊዜ ወደ ጊዜ ገብስ ስንዴን ተክቶታል። ጨው ለሱመር መዳከም ምን ያህል ድርሻ እንደነበረው ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ። ጨው ምን እንደሚያደርግ ግን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራ አካባቢ፣ ጥጥ ሲመረትበት የነበረ ሰፊ መሬት በዚሁ ምክንያት ከእርሻ ወጥቷል። መሬቱ ላይ ስትቆሙ ነጭ ቅርፊት ከጫማችሁ ሥር ይሰባበራል። የተዘራው ጥጥ እዚህም እዚያም ጠቁሮ ቀርቷል። ውሃ ማስገቢያው በሚገባ ታስቦበታል። ውሃ ማውጫው ግን በጊዜው አልታሰበበትም። ትርፉን ውሃ የሚያወጣው ማንጣፈፊያ ቦይ ገንዘብ ይበላል፤ ወዲያው ፍሬ አያሳይም። ለምረቃም አይመችም። ማንም በማንጣፈፊያ ቦይ ላይ ሪባን ሲቆርጥ አላየሁም። ስለዚህ አደራ የምላችሁ ይህን ነው። ማንኛውም ፕሮጀክት ሲቀርብላችሁ፣ መስኖ ይሁን ፋብሪካ ይሁን ሶፍትዌር፣ "የሚወጣው በየት ነው? የሚጠርገው ማን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ስብሰባውን ቢያቀዘቅዘውም ጠይቁ።

ጥንታውያኑ ይህን ጥያቄ ያውቁት ነበር። የባቢሎኑ ንጉሥ ሀሙራቢ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1792 እስከ 1750 ገዝቷል። በሕጉ ሰው ሁሉ የሚያነሳው "ዓይን ስለ ዓይን" የሚለውን ነው። እኔ የምወደው 53ኛውንና 54ኛውን ነው። አንድ ሰው የማሳውን ክትር ማጠናከር ቸል ብሎ ክትሩ ቢሰበርና ጎርፉ የሌሎችን እርሻ ቢወስድ፣ የጠፋውን እህል ይተካል። መተካት ካልቻለ እሱም ንብረቱም ይሸጣሉ፤ ገንዘቡን የተጎዱት ገበሬዎች ይካፈሉታል። ቅጣቱ ጨካኝ ነው። ሰውን ስለ ዕዳ መሸጥ የሚደነቅ ነገር አይደለም። ሐሳቡ ግን ግልጽ ነው፤ ጥገናን ቸል ማለት በጎረቤት ላይ የሚፈጸም በደል ነው። ንጉሡ ራሱ ሲን ኢዲናም ለሚባል ሹሙ የላከው ደብዳቤ ተገኝቷል። በአንድ ቦይ ዳር መሬት ያላቸውን ሰዎች ሰብስበህ በዚህ ወር ውስጥ ቦዩን አስጠርጋቸው ይላል። ያን ሁሉ አገር ያስገበረ ንጉሥ ስለ አንድ ቦይ ደለል ደብዳቤ ይጽፍ ነበር።

ግብጽ ሌላ ዓለም ናት። እዚያ ወንዙ ጊዜውን ያውቃል። በክረምት በእኛ ደጋ የሚዘንበው ዝናብ በዓባይና በተከዜ አድርጎ ከነደለሉ ይወርዳል። የግብጽ ገበሬ ጎርፉ ሲሸሽ በለሰለሰው መሬት ላይ ይዘራል። ጎርፉ ቢያንስ ረሃብ፣ ቢበዛ ጥፋት ነው። ስለዚህ ይለኩት ነበር። የፓሌርሞ ድንጋይ የሚባለው ጥንታዊ የነገሥታት ዜና መዋዕል የየዓመቱን የጎርፍ ከፍታ በክንድ፣ በጋትና በጣት ይመዘግባል። እስከ ጣት ድረስ! ዓመታቸውም 12 ወር፣ እያንዳንዱ 30 ቀን፣ በመጨረሻ 5 ቀን ጭማሪ ነበር። ጳጉሜን የምንቆጥረው እኛ የዚያ ቀመር ወራሾች ነን፤ በእስክንድርያ በኩል ነው የደረሰን።

ስለ ፒራሚዱም ቢሆን እኔን የሚማርከኝ ከድንጋዩ ይልቅ መዝገቡ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. በቀይ ባሕር ዳር ዋዲ አል ጃርፍ በሚባል ቦታ የፓፒረስ፣ ማለትም ከደንገል የተሠራ መጻፊያ፣ ቁርጥራጮች ተገኙ። ከ4500 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። ከእነሱ አንዱ መረር የሚባል የሠራተኞች አለቃ የቀን ውሎ መዝገብ ነው። የንጉሥ ኩፉ ፒራሚድ በሚሠራበት ዘመን ቱራ ከሚባል ቦታ የኖራ ድንጋይ በጀልባ ጭኖ ወደ ጊዛ ያመላልስ ነበር። ዛሬ የት እንደዋለ፣ የት እንዳደረ፣ ድንጋዩን የት እንዳደረሰ በየቀኑ ተጽፏል። ኩፉ ስለ ራሱ ካስጻፈው ይልቅ ስለ ታላቁ ሥራ የበለጠ የነገረን ይህ አለቃ ነው።

በእምነታቸው ማአት የምትባል የእውነትና የሥርዓት አምላክ ነበረች። ሰው ሲሞት ልቡ በእሷ ላባ ትመዘናለች ብለው ያምኑ ነበር። ሟቹ ያልሠራቸውን ኃጢአቶች ይዘረዝራል፤ አልገደልኩም፣ ሚዛን አላጭበረበርኩም ይላል። ከዝርዝሩ ውስጥ ውሃን በወቅቱ አላገድኩም፣ በሚፈስ ውሃ ላይ ክትር አልሠራሁም የሚልም አለ። ይህን ስታነቡ ሐሳባችሁ ወደ ዛሬው የግድብ ክርክር መሮጡ አይቀርም። እኔ ግን የማነበው እንደ ገበሬ ቃል ነው። በአንድ ቦይ የሚጠጡ ጎረቤታሞች አሉ፤ አንዱ ተራው ሳይደርስ ይዘጋል። ይህ በመንደር ሽማግሌ ፊት ብቻ ሳይሆን በፈጣሪ ፊት የሚያስጠይቅ ነበር ማለት ነው።

ኢንደስ ሸለቆ ላይ ደግሞ የሚገርም ነገር አለ። ሞሄንጆ ዳሮና ሃራፓ በዛሬዋ ፓኪስታን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2600 እስከ 1900 ድረስ የደመቁ ከተሞች ናቸው። ጽሕፈታቸው እስካሁን አልተፈታም። የንጉሥ መሆኑ የተረጋገጠ ቤተ መንግሥትም ሆነ መቃብር አልተገኘም። ግን የተቃጠለው ጡብ መጠኑ በየከተማው አንድ ነው፤ ቁመት፣ ወርድና ርዝመቱ 1 ለ 2 ለ 4። የሚዛን ድንጋዮቻቸውም ይመሳሰላሉ። ከቤቶች መታጠቢያ የሚወጣው ውሃ በመንገዱ ሥር በተሸፈነ የጡብ ቦይ ይሄዳል። በየመካከሉ ቆሻሻ የሚዘቅጥበት ጉድጓድ አለ፤ ሰው እየከፈተ እንዲጠርገው የተሠራ። ገዥው ማን ይሁን ማን፣ የሚጠርገው ሰው በዕቅዱ ውስጥ ቦታ ነበረው። እኛ ከተማ ስንገነባ ይህን ስንቴ አስበናል?

ስለ ቻይናው ቢጫ ወንዝ አንድ አፈ ታሪክ ብቻ። ጉን የሚባል ሰው ጎርፍን በክትር ሊያቆም ሞክሮ ከሸፈበት። ልጁ ዩ ቦይ ቆፍሮ ውሃውን ወደ ባሕር ሸኘው፤ ኋላም ነገሠ። እንደ መስኖ መሐንዲስ በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

እንግዲህ ክረምቱ አልፎ መስኖ ሲጀመር አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ዘመድ ያላችሁበት ገጠር ስትሄዱ የአካባቢውን የውሃ አባት ፈልጉ። ተራው እንዴት ይወጣል? የላይኛውና የታችኛው ሲጣሉ ማን ይዳኛል? ቦይ ለመጥረግ ያልወጣ ምን ይቀጣል? ውሃ ባነሰ ዓመት ማን ቀድሞ ይጠጣል? አዛውንቱ የሚነግሯችሁን በስማቸውና በቀኑ በደብተር ላይ ጻፉት፤ ፎቶ ብቻ አንስታችሁ አትመለሱ። አብዛኛው ይህ ሕግ እስከዛሬ በቃል ነው ያለው።