መልስ፦ የእናቴ ሆድ መነፋት ከጉበቷ ነው ወይስ ከድሮው ኦፕራሲዮን?

እህቴ፣ እናትሽ ሲሮሲስ (ጉበት ጠባሳ ይዞ የሚደክምበት በሽታ) አለባቸው፣ ድሮ የትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን ተደርገዋል፣ ከትናንት ጀምሮ ሆዳቸው ተነፍቶ ያስመልሳቸዋል ብለሻል። ጉበት የሚያመጣው ውኃ ሆድን የሚነፋው ቀስ በቀስ ነው። ቁርጠቱ መጣ ሄድ ካለ፣ ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ፣ ፈስም ሰገራም እምቢ ካለ አንጀት መዘጋቱን ጠርጥሪ። የኦፕራሲዮን ጠባሳ አንጀትን ያጣብቃል፤ ከ20 ዓመት በኋላም ሊያጥፈው ይችላል።

አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው! እቤት ያለውን ላክቱሎስ (የሚያስቀምጠውን ሽሮፕ) ሐኪም ሳያያቸው አትስጪ፤ የተዘጋን አንጀት ይብሱን ይነፋዋል። ዳይክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻም ይቅር፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ያደማል። ብዙ ጊዜ በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ ጨጓራው ሲራገፍና ፈሳሽ በደም ሥር ሲሰጥ አንጀቱ ያለ ቀዶ ጥገና ይከፈታል። ደግሞ ጉበት ለደከመው ሰው ቀዶ ጥገና ከባድ ነው፤ ስለዚህ ሲሮሲሱን ገና በር ላይ ለሐኪሞቹ ንገሪ። ትኩሳት ካላቸው ወይም ንግግራቸው ከተዘባረቀ ደግሞ ከሆዳቸው ውኃ ናሙና ይወሰድ እንደሆነ ጠይቂ።