ሕፃኑን ብቻ ሳይሆን ቤቱን ቁጠሩ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ከእድራችን ስብሰባ በኋላ የተነሱ ጥያቄዎች ናቸው። በኤችአይቪ ፕሮጀክት ቤት ለቤት ስዞር ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ የመለስኩትም ከዚያ ተነስቼ ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ በኤችአይቪ ለተጎዱ ቤተሰቦች ልጆች ይሰጥ የነበረው እርዳታ ድንገት የቆመው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ገንዘቡ ከፔፕፋር፣ ማለትም ከአሜሪካ መንግሥት የኤችአይቪ እርዳታ ፕሮግራም ነበር። በ1995 ዓ.ም. ሲቋቋም ሕጉ ከገንዘቡ 10 በመቶው ወላጅ ላጡና ለተጋላጭ ሕፃናት እንዲውል ያዝዝ ነበር። ጥር 2017 ላይ የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ለ90 ቀን ይቁም ተባለ፤ ሰኔ 24 ደግሞ የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ራሱ ተዘጋ። ቢሆንም ያለዚህም ፕሮጀክት ዘመኑ ሲያልቅ ልጆቹ ሜዳ ላይ ሲቀሩ አይተናል።

ጥያቄ፦ እኔ ቫይረሱ አለብኝ፣ ልጄ ግን ነፃ ነው። ለምን አልተመዘገበም?

መልስ፦ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። «ወላጅ አልባ» የሚለው መዝገብ የሚቆጥረው ሞትን ነው፤ አንድ ወላጅ የሞተበትም ይገባል። ስለዚህ እናት እስክትሞት የሚጠብቅ አሠራር ይመጣል፤ ያውም ከተመዘገቡት ብዙዎቹ እናት ወይም አባት እያላቸው። አንድ ቤት ውስጥ አያትየው አራት ልጅ ያሳድጋሉ። ደብተርና ዩኒፎርም የደረሰው ለአንዱ ብቻ፤ ሦስቱ ቆመው ያያሉ። ቦርሳው ላይ ደግሞ የፕሮጀክቱ ዓርማ በትልቁ ታትሟል፤ ሰፈር ሁሉ ማን እንደሆነ አወቀ። ልጁ ቦርሳውን ገልብጦ ይይዝ ነበር። እኔም ያንን ቦርሳ ያደልኩ ሰው ነኝ፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጥያቄ፦ ማሳደጊያ ቢገቡስ አይሻልም?

መልስ፦ የለም። ለአንድ ልጅ በማሳደጊያ በሚወጣው ገንዘብ ብዙ ልጆች በዘመድ ቤት ያድጋሉ።

ጥያቄ፦ የሕፃናቱ የኤችአይቪ መድኃኒት አሁንም ይመርራል?

መልስ፦ የድሮው ሽሮፕ በጣም ይመርር ነበር። አሁን በውሃ የሚሟሟ የዶሉቴግራቪር ኪኒን አለ፤ ተመስገን ነው። ነፍሰ ጡር እናት ከተመረመረችና መድኃኒቷን ካላቋረጠች፣ ሕፃኑም በ6 ሳምንቱ ከተመረመረ፣ አብዛኛው ችግር ገና ሳይጀመር ይቀራል።

ጥያቄ፦ ጋሽ ሊቀመንበራችን እንዳሉት፣ ለጋሾቹን ብታገኚያቸው ምን ትያቸዋለሽ?

መልስ፦ ገንዘቡን በችግረኛ ቤተሰብ በኩል ስጡ እላለሁ። ከ2009 ጀምሮ ችግረኛ ቤተሰቦችን የሚደግፍ የመንግሥት ፕሮግራም፣ የከተማ ሴፍቲኔት አለ፤ ሌላ መዝገብ ከመፍጠር በዚያ ይለፍ። ከዚህ ወደ ጤና ጣቢያ ለመሄድ የታክሲ ሒሳብ ስላጣች ቀጠሮ ያሳለፈች እናት አውቃለሁ፤ በጀታቸው ውስጥ ግን ለሥልጠና አበል እንጂ ለታክሲ የሚሆን ረድፍ አልነበረም።

ጥያቄ፦ እኛስ እድሩ ምን እናድርግ?

መልስ፦ ቀብር ላይ የምናወጣውን ያህል በሕይወት ላሉት እናዋጣ። ለሚቀጥለው ስብሰባ የታክሲ ሒሳብ በአጀንዳ ይያዝልኝ፤ ስም አይጠራም፣ ገንዘብ ያዧ ብቻ ታውቃለች።