«መርፌው ማህፀኔን አድርቆት ይሆን?»

በዚህ ወር የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ልጅ ናቸው፤ ስለ መጠበቅ፣ ስለ መዘግየት፣ ስለ ምርመራና ስለ ገንዘብ። አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ማን እንደጻፈው የሚያሳብቅ ነገርም አውጥቻለሁ። ጥናት በጠቀስኩ ቁጥር አንድ ነገር ላይ ችክ እላለሁ፦ ጥናቱ የቆጠረው ምንድን ነው? አንዳንዱ የሚቆጥረው ምርመራዋ «ፖዘቲቭ» የሆነችውን ሴት ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ልጇን ታቅፋ ቤቷ የገባችውን። ከኪሷ ለምትከፍል ሴት ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

ጥያቄ፦ 28 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ሐዋሳ ነው። ከሠርጋችን በኋላ ለአራት ዓመት የሦስት ወር መርፌ ስወጋ ቆየሁ። ለመጨረሻ ጊዜ የተወጋሁት ኅዳር ላይ ነው። ይኸው ሐምሌ ገባ፣ ምንም የለም። የወር አበባዬም መጣ ሲሉት ይጠፋል። አማቴ «መርፌው ማህፀኗን አድርቆታል» እያሉ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ አውርተዋል። እውነት ይሆን እንዴ? — ቲ.

መልስ፦ አይደለም። ማህፀንሽ አልደረቀም፤ መርፌውም ማህፀን አያደርቅም። ዋና ሥራውን የሚሠራው አንጎልሽ ጋ ነው። አንጎል እንቁላል እንዲበስልና እንዲለቀቅ ለኦቫሪ የሚልከውን መልእክት ያስቆማል። እንቁላል አይወጣም፤ የማህፀን ግድግዳም ስለሚሳሳ የሚፈስ ደም ይጠፋል ወይም ይዛባል። ሰው «ደረቀች» የሚለው ደሙ ሲቀር አይቶ ነው።

እስቲ የቀጠሮ ካርድሽን አውጪና ተመልከቺ። የመጨረሻው መስመር ላይ የተወጋሽበት ቀን ኅዳር ይላል፣ አጠገቡ ያለው ቀጣይ ቀጠሮ ግን የካቲት ነው። እስከ የካቲት ድረስ መርፌው በሥራ ላይ ነበር ማለት ነው። አንቺ ስምንት ወር ብለሽ ትቆጥሪያለሽ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ግን አይቆጠሩም። ቀሪው አምስት ነው። እሱም ቢሆን መድኃኒቱ በቀጠሮው ቀን ተነቅሎ አይወጣም። የተወጋሽው ነገር ጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ፣ ሻይ ሥር እንደቀረ ስኳር ቀስ እያለ የሚሟሟ ነው። አንዷ ጋ ቶሎ ያልቃል፣ ሌላዋ ጋ ወራት ይቆያል።

የመድኃኒቱ ይፋዊ መግለጫ ራሱ ይሄን አይደብቅም። አቁመው ካረገዙት ሴቶች ግማሾቹ ለማርገዝ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ እስከ 10 ወር ፈጅቶባቸዋል። በ12 ወር 68 በመቶዎቹ፣ በ18 ወር ደግሞ 93 በመቶዎቹ አርግዘዋል። አንቺ ገና መሃሉ ላይ እንኳ አልደረስሽም። እ.ኤ.አ. በ2020 ቢኤምጄ በሚባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ደግሞ ዴንማርክና ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ልጅ እየሞከሩ የነበሩ ወደ 18 ሺህ የሚጠጉ ሴቶችን ተከታትሏል። ሉፕ ወይም ክንድ ሥር የሚቀበረውን ላወጡት የመዘግየቱ ጊዜ ሁለት የወር አበባ ዑደት ያህል ነበር፣ ክኒን ላቆሙት ሦስት፣ መርፌ ላቆሙት ግን ከአምስት እስከ ስምንት። ስለዚህ መርፌው ያዘገያል፤ ይሄ ወሬ አይደለም፣ ስትጀምሪም ሊነገርሽ ይገባ ነበር። ነገር ግን ያው ጥናት አንዲት ሴት መከላከያውን ለስንት ዓመት እንደተጠቀመች አይቶ፣ ዓመቱ መብዛቱ የማርገዝ ዕድሏን እንዳልቀነሰው ነው ያገኘው። የአራት ዓመቱ ጸጸት አያስፈልግሽም።

የኛዎቹም ሠርተውበታል። የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 22 ጥናቶችን ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ሥራ፣ የተለያየ መከላከያ ካቆሙ ሴቶች 83 በመቶ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ አርግዘዋል። አማትሽ የፈረንጅ ጥናት አላምንም ካሉ ይሄን ንገሪያቸው።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ። ሳቂብኝ፣ ግን የወር አበባ ሳይስተካከል እንቁላል ሊወጣ ይችላል፣ ከመርፌ በኋላ አንድም ጊዜ ደም ሳያዩ የሚያረግዙ አሉ። ሁለተኛ፣ ፎሊክ አሲድ ዛሬውኑ ጀምሪ፣ በቀን 400 ማይክሮግራም። የፅንሱ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሠሩበት ቧንቧ የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ስለሆነ ብዙዋ ሴት ማርገዟን ስታውቅ ጊዜው አልፏል። ሦስተኛ፣ እስከ መጪው የካቲት ካልሆነ ሁለታችሁም ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሁለታችሁም ብያለሁ። ከዚያ በፊት ሆድሽን ሥር የሚያምሽ፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ የሚያስቸግርሽ ወይም የአባላዘር በሽታ ታክመሽ የምታውቂ ከሆነ ግን የካቲትን አትጠብቂ፤ የማህፀን ቱቦ የሚዘጋው እንዲህ ባለ ኢንፌክሽን ነው።

ጥያቄ፦ ሐኪሜ ፒሲኦኤስ አለብሽ፣ በሆርሞን መዛባት እንቁላልሽ በየወሩ አይወጣም ብሎ ሌትሮዞል አዘዘልኝ። ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ሳነበው የጡት ካንሰር መድኃኒት ይላል። ፋርማሲ ውስጥ ያለችውም ልጅ ሰው ፊት «ካንሰር አለብሽ እንዴ?» አለችኝ። ክኒኑን ሳልነካው ኮመዲኖ ውስጥ ቁጭ ብሏል። — ኤ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ልጅቷ ድምጿን ቀንሳ ብትጠይቅሽ ምን ነበረበት! ወረቀቱ አልዋሸም፣ ሐኪምሽም አልተሳሳተም። ሌትሮዞል የተፈቀደው ለጡት ካንሰር ነው፤ እዚያ ግን በየቀኑ ለዓመታት ይወሰዳል። ላንቺ የታዘዘው ለአምስት ቀን መሆን አለበት፣ አብዛኛውን ጊዜ የወር አበባ ከመጣ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ። መድኃኒቱ ኤስትሮጅን እንዳይመረት ለጥቂት ቀን ያግዳል። አንጎልሽ ኤስትሮጅን ያነሰ ሲመስለው ኦቫሪን የሚያነቃቃውን ሆርሞን ጨምሮ ይልካል። እንቁላሉ ይበስላል፣ ይወጣል። በቃ ሥራው ይሄው ነው።

ለረጅም ዘመን ለዚህ ችግር የሚታዘዘው ክሎሚድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ ፒሲኦኤስ ያለባቸው 750 ሴቶች በዕጣ ተከፍለው ግማሹ ክሎሚድ፣ ግማሹ ሌትሮዞል እስከ አምስት ዑደት ወሰዱ። ይሄን ጥናት የምወደው የቆጠረው በሕይወት የተወለደ ልጅን ስለሆነ ነው፦ በሌትሮዞል 27.5 በመቶ፣ በክሎሚድ 19.1 በመቶ። ከዚያ ወዲህ ዓለም አቀፉ የፒሲኦኤስ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2018ም በ2023ም ሌትሮዞልን አስቀድሟል። አሁንም ክሎሚድን ለወራት ደጋግመው የሚያዙ አሉ፣ እባካችሁ ጠይቋቸው።

ግን ቁጥሩን ገልብጠሽም አንብቢው። ሌትሮዞል ከወሰዱት ከአራቱ ሦስቱ ገደማ በዚያ ጥናት ውስጥ አልወለዱም። በመጀመሪያው ወር ካልሠራ «እኔ ጋ አይሆንም» ብለሽ አትጣይው። ሐኪምሽን በአልትራሳውንድ ይከታተለኝ እንደሆነ፣ መጠኑ መቼ እንደሚጨመር፣ የባልሽ ምርመራ መቼ እንደሆነ ጠይቂው። አንድ ጥብቅ ነገር አለ፤ በየወሩ ክኒኑን ከመጀመርሽ በፊት አለማርገዝሽን አረጋግጪ፣ ካረገዝሽ በኋላ አይወሰድምና።

ጥያቄ፦ 34 ዓመቴ ነው፣ ቨርጂኒያ ነኝ፣ አላገባሁም። ኦንላይን ኪት አዝዤ ኤኤምኤች የሚባለውን የሆርሞን ምርመራ ተመረመርኩና «ዝቅተኛ» መጣ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ «እንቁላልሽን አሁኑኑ አስቀምጪ» የሚል ኢሜይል ይመጣልኛል። እንቅልፍ አጣሁ። — ኤም.

መልስ፦ ኢሜይሉን ብሎክ አድርጊው፣ ከዚያ እናውራ። ኤኤምኤች የሚለካው በግምት ስንት እንቁላል እንደቀረሽ ነው። ለአይቪኤፍ (እንቁላልና ዘር ላብራቶሪ ውስጥ ተዋህደው ፅንሱ ማህፀን ውስጥ ለሚገባበት ሕክምና) መርፌ ስትወጊ ስንት እንቁላል ሊገኝ እንደሚችል ለመገመት ጥሩ ነው። በተፈጥሮ ለማርገዝ ግን የሚያስፈልግሽ በወር አንድ እንቁላል ነው፤ እሱ ደህና መሆን አለመሆኑን ኤኤምኤች አይነግርሽም።

እ.ኤ.አ. በ2017 ጃማ በሚባለው የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣውን ጥናት እዪ። መውለድ ተቸግረው የማያውቁ፣ ከ30 እስከ 44 ዓመት የሆናቸው፣ ገና መሞከር የጀመሩ 750 ሴቶች ነበሩ፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ፤ ካንቺም ሩቅ አይደለም። ኤኤምኤች ዝቅ ያለባቸው በስድስት ዑደት ውስጥ የማርገዝ ዕድላቸው 65 በመቶ ሆኖ ተሰላ፣ ደህና የሆኑት 62። በ12 ዑደት 84 ለ75። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። እዚህ የተቆጠረው እርግዝና እንጂ ልጅ አይደለም፤ ላንቺ ጥያቄ ግን ይበቃል። ለመሆኑ የእርግዝና መከላከያ ክኒን ትወስጃለሽ? ከሆነ ውጤቱን ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል፣ ኪቱ ይሄን ጠይቆሽ እንደሆነ አላውቅም።

እንቁላል ማስቀመጥ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። የአሜሪካው የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 «የሙከራ» የሚለውን ስም አንስቶለታል። ነገር ግን ውሳኔሽን መምራት ያለበት ዕድሜሽና ሐሳብሽ ነው፤ ልጅ መቼ፣ ከማን ጋር፣ ስንት። በ34 የተቀመጠ እንቁላል በ39 ከተቀመጠው እንደሚሻል ግልጽ ነው። ክሊኒኩን ግን ስንት እንቁላል አስቀምጣችሁ ታውቃላችሁ ብለሽ አትጠይቂ፤ በኔ ዕድሜ ካስቀመጡት መካከል ተመልሰው የተጠቀሙበት ስንት ናቸው፣ ስንቶቹስ ወለዱ በያቸው። መልሱ ሲንተባተብ ይገባሻል።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከደሴ ነው። ልጄ ካገባ ሦስት ዓመቱ። ምራቴ ራጁንም፣ ደሙንም፣ አልትራሳውንዱንም ተነስታ ጨርሳለች፣ ደህና ነሽ ተብላለች። ልጄ ግን «እኔ ምን ሆኜ ነው የምመረመረው» ይላል። ጂም ይሠራል፣ ጠንካራ ነው። ልጅቷ ታሳዝነኛለች። ምን ልበለው?

መልስ፦ እናታችን፣ ይባረኩ። ስለ ምራት እንዲህ የሚጽፍ ደብዳቤ ብዙ አይደርሰንም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳወጣው ከስድስት ሰው አንዱ በሕይወት ዘመኑ የመውለድ ችግር ያጋጥመዋል፤ ሰው ነው የሚለው፣ ሴት አይልም። ከሚቸገሩት ጥንዶች ወደ ግማሽ በሚጠጉት ውስጥ የወንዱም እጅ አለበት። ለልጅዎ እንዲህ ይበሉት፦ ምራቴ የተኛችበት የማህፀን ራጅ ያማል፣ ያንተ ምርመራ ግን አያምም፣ ዋጋውም ከእሷ ሁሉ ያንሳል። ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ታቅቦ ናሙና መስጠት ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ማድረጉ ካሳፈረው፣ ላብራቶሪው ከፈቀደለት ቤቱ ሰጥቶ ብልቃጡን ሳይቀዘቅዝ፣ ደረት ኪሱ ውስጥ አድርጎ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያድርስ። ፈሳሹ መብዛቱም ሆነ የእሱ ጉልበት ስለ ዘር ፍሬው ቁጥር ምንም አይናገርም፤ በማይክሮስኮፕ ብቻ ነው የሚታየው።

ጂም ያሉት ነገር ከንክኖኛል። ጡንቻ ለማፋፋት ቴስቶስተሮን የሚወጉ ልጆች አሉ፤ ሰውነት ሆርሞኑ ከውጭ ሲመጣለት የራሱን ያቆማል፣ ዘር ማምረቱም አብሮ ሊቆም ይችላል። የሚወስድ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገር፤ ብዙዎቹ ሲያቆሙ በወራት ውስጥ ይመለስላቸዋል። በቅርቡ ወባ ወይም ሌላ ከባድ ትኩሳት ይዞት ከነበረም እንዲሁ ይናገር። ዘር ለመመረት ሁለት ወር ተኩል ገደማ ስለሚፈጅ የዛሬ ሁለት ወር የነበረ ትኩሳት የዛሬውን ውጤት ያበላሻል። አንዴ ዝቅ ብሎ ቢመጣም ይደገም።

ጥያቄ፦ አይቪኤፍ ሁለት ጊዜ ሞክረን አልያዘም። ለሦስተኛው ልንሄድ ያሰብንበት ውጭ አገር ያለ ክሊኒክ «ከዑደቱ በፊት ማህፀንሽን ትንሽ ቧጨር እናደርገዋለን፣ ፅንሱ እንዲይዝ ይረዳል» ብሎ ተጨማሪ ክፍያ ጠየቀን። በዚያ ላይ እናቴ ጸበል እንድገባ ትፈልጋለች። የቱን ልስማ?

መልስ፦ ለቧጨራው አትክፈሉ። ነገሩ የጀመረው ሴቶቹ ጥቂት በሆኑባቸው ጥናቶች ነው፤ ዕድሉን እጥፍ ያደርጋል ተባለ፣ ክሊኒኮች ተቀባበሉት። እ.ኤ.አ. በ2019 ግን ኒውዚላንድን ጨምሮ በአምስት አገር 1,364 ሴቶች በዕጣ ተመድበው ሲታይ፣ ከተቧጨሩትም ካልተቧጨሩትም እኩል 26.1 በመቶ ወለዱ። ሕመሙ ትርፍ ነው። ሌላም «ተጨማሪ» ነገር ሲያቀርቡላችሁ ያንኑ ጠይቁ፣ ስንት ሴት በዕጣ ተከፍላ ስንቷ ወለደች። በነገራችን ላይ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልን ጠይቃችኋል? ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ሆስፒታል ደረጃ አይቪኤፍ ይሠራል። ወረፋው ያስመርራል፣ ግን መጠየቅ ነው።

ጸበሉን ከእናትሽ ጋር ሂጂ፣ ማንም አይከለክልሽም፤ የሚያስቸግረው መድኃኒት ሲያስቆሙሽ ብቻ ነው። የዑደቱ መርፌዎች በሰዓታቸው የሚወሰዱ ናቸው፣ አንዳንዶቹም ፍሪጅ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ጸበሉ ቦታ ማደር ካለ ከመርፌው ቀናት በፊት አድርጊው፤ ካልተመቸሽ ደግሞ አዳሩን ትተሽ ጠዋት ደርሰሽ ተመለሺ።